የሐሙሱ ክፍል እንዴት ሞላ

አቶ ዘይኑልአቢዲን ጡረታ የወጡ ሰሞን የሚስታቸውን ጓዳ እንደ ፋብሪካ ሊያሠሩት ተነሡ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ክፍል ፎርማን ሆነው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሰው ሲሠራ አጠገቡ ቆመው «እሱን ወዲህ፣ ይቺን ወዲያ» ካላሉ ምሳ አይወርድላቸውም። ጡረታው ሲመጣ ደሴ፣ ሸዋ በር ወዳለው ቤታቸው ጠቅልለው ገቡ። እዚያ የጠበቀቻቸው ሠራተኛ ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ባለቤታቸው ረውዳ።

ምን ያላደረጓት ነገር አለ! ሽሮው ከበርበሬው ጎን ከተቀመጠ «ይኼ አደጋ ነው» ይላሉ። ሽንኩርት ስትከትፍ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆሙና «በዚህ አያያዝሽ ምሳው ለእራት ይደርሳል» ይሏታል። አንድ ቀንማ፣ አላህ ይቅር ይበላቸው፣ ከፋብሪካ ይዘውት የወጡትን ፊሽካ ነፉባት። ጎረቤት እሳት የተነሣ መስሎት ባልዲ ይዞ መጣ።

ረውዳ ግን ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የአቶ ዘይኑ ዐይን ከደከመ ሰንብቷል፤ ከክንድ ርቀት ወዲያ ያለ ፊት ሁሉ ገንፎ ይመስላቸዋል። ያ ከንፈር እንደሚንቀሳቀስ ግን ያውቃሉ። «ረውዳ እኮ ዚክር አይለያትም፤ ሁሌ አላህን እንዳወሳች ነው» ይሉ ነበር መስጊድ በር ላይ ለወዳጆቻቸው። «እኔ ካጠገቧ ስቆም ደግሞ ይብስባታል። ማሻአላህ!»

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ክፉ ሆነው አልነበረም። ፈርተው ነው። ፋብሪካ ሳሉ በማሽኖቹ መካከል ሲያልፉ የሰው ሁሉ ወገብ ቀጥ ይል ነበር። ደሴ ላይ ግን የታክሲው ረዳት «ፋዘር፣ ጠጋ በሉ» ይላቸዋል፤ ጠጋ ይላሉ፤ በቃ፣ የቀኑ ሥራቸው ይኸው ነው። ማታ ማታ ጣሪያውን እያዩ «ጡረተኛን የሚገድለው በሽታ አይደለም፤ የሚሰማው ሰው ማጣት ነው» ብለው ያስቡ ነበር። የሚሰማቸው ሰው ካላገኙ የዓመቱን ክረምት እንደማያልፉት እርግጠኛ ሆነው ነበር።

መማማሪያው የደረሰላቸው ያኔ ነው። አቶ ኃይለ ሚካኤል የሚባሉ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር መሰሎቻቸውን አሰባስበው፣ በውሰት ባገኙት አዳራሽ የጡረተኞች መማማሪያ አቋቁመዋል። ደንቡ አጭር ነው፤ ያወቀ ያስተምር፣ ያላወቀ ይማር፣ ደመወዝ የለም፣ ፈተናም የለም። ሰኞ ሰኞ ነርስ የነበሩት እትዬ ወለተ ማርያም ስለ ደም ግፊት ያስተምራሉ። ረቡዕ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ታሪክ ያወራሉ። ትልቁ ችግር ምርቃት ነበር። በሌላ ስብሰባ አንድ ሽማግሌ ይመርቅና ሥራ ይጀመራል፤ እዚህ ሁሉም ሽማግሌ ነው። «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በአላህ እርስዎ» ሲባባሉ፣ ከዚያም እስላሙ በዱዓ ክርስቲያኑ በጸሎት ሲመርቅ፣ አሚን ሲባል፣ አሜን ሲባል፣ ትምህርቱ ሳይጀመር የሚመሽበት ቀን ነበር።

አቶ ዘይኑ ሐሙስን ወሰዱ። ምን ያስተምሩ? «የጊዜ አጠቃቀም»። ለማን? ለጡረተኛ! ከጊዜ በቀር ምንም ለሌለው ሰው! ይህን ግን ማንም አልነገራቸውም፤ ደሴ ላይ ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት «ተሳስተዋል» ማለት ነውር ነው። እንዲያው በዝምታ ቀሩባቸው። የመጀመሪያዎቹ ሐሙሶች የመጡት ተማሪ አንድ ነበሩ፤ ሊቀመንበሩ አቶ ኃይለ ሚካኤል። እሳቸውም ገና በምርቃቱ ላይ ነበር የሚያንቀላፉት።

አቶ ዘይኑ በእነዚያ ሳምንታት ከሱ። ቤት ሲገቡ ረውዳ «እንዴት ዋለ?» ስትላቸው «ሰው ሥራ በዝቶበት ነው» ይሉና ወደ ሽሮው ይዞራሉ። በእነዚያ ሐሙሶች ጓዳው ውስጥ ያለችው ነፍስ የምታየውን አሳር አላህ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ አንድ ሐሙስ አዳራሹ ሙሉ ሆኖ አገኙት።

ዐይናቸውን አላመኑም፤ ለነገሩ የሚታመን ዐይንም አልነበራቸው። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። ነጠላና ሻርፕ የተከናነቡ ሴቶች፣ ጋቢ የደረቡ ወንዶች፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ወሬ የለም። ሳቅ የለም። አንዳንዴ አንዱ ወፈር ያለ ትንፋሽ ይለቅና «እህህ» ይላል። በየሳምንቱ እንዲያው ሆነ። ሲጨርሱ ትልልቆቹ ቀድመው ይነሡና ሌላው ተከትሎ ይነሣል፤ በተራ እየመጡ እጃቸውን ይዘው «አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጥዎ» ይሏቸዋል። እትዬ ራቢያ የሚባሉ ጎረቤት አንድ ቀን በሰሐን ንፍሮ ይዘው መጥተው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡ። አቶ ዘይኑ ንፍሮውን እየበሉ ልባቸው ሞላ። አስተማሪን መመገብ ነው መቼም፤ ድሮም የቆሎ ተማሪ እንጂ የቆሎ አስተማሪ አልነበረም፣ እኔ ልጀምረው ብለው ሳቁ።

«የኔ ትምህርት ልብ ይነካል» አሏት ማታ ለረውዳ። «እንባ የሚጠርጉም አሉ።»

«ይነካል እንጂ» አለች ረውዳ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ።

ዝናው ኮምቦልቻ ደረሰ። አቶ ኃይለ ሚካኤል አንድ ቀን በደስታ እየጮኹ ነገሯቸው፤ እሳቸው ሁልጊዜ ይጮኻሉ። «የኮምቦልቻ ጡረተኞች እንደኛ ሊያቋቁሙ ነው! ሐሙስ መጥተው የእርስዎን ክፍል ያያሉ! ከሚመጡት አንዷ ቡዜ የምትባል ከእርስዎ ፋብሪካ ነች አሉ!»

ቡዜ! አቶ ዘይኑ ሥር የኖረች ሸማኔ ናት፤ ምላሷ ምላጭ። በመሸኛቸው ዕለት፣ ሰው ሁሉ «ደግ ነበሩ፣ አባት ነበሩ» እያለ በወጉ ሲዋሽላቸው፣ እሷ ተነሥታ «ጋሽ ዘይኑ፣ ያለ ፊሽካ የሚሰማዎት ሰው እንዲሰጥዎ ዱዓ አድርጌያለሁ» ብላቸዋለች። ያቺ ንግግር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ቀርታለች። አሁን ትምጣና ትይ! ያለ ፊሽካ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ!

ለዚህ ቀን መነጽር ያስፈልጋል አሉ። ለማየት ብለው አይምሰላችሁ፤ ለመታየት ነው። ደሴ ላይ ቢገዙ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ረውዳ ዘንድ ይደርሳል ብለው ሚኒባስ ተሳፈሩና የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ገቡ። ዐይናቸው ተለካ። ሻጩ ቀጭን ፍሬም ቢያሳያቸው አልፈለጉም፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ምሁር የሚያስመስለውን መረጡ። ሱቁ ውስጥ መስታወት ፊት አንዴ ሞከሩትና ማኅደሩ ውስጥ ከተው ኪሳቸው አደረጉት። ለረውዳም ትንፍሽ አላሉም። ከክፍል ሲመለሱ አድርገውት ገብተው ሊያስደንቋት ነው።

ሐሙስ ደረሰ። የኮምቦልቻ እንግዶች የደሴን ብርድ እየረገሙ፣ ተሸፋፍነው፣ በጎን በኩል ተቀመጡ። አዳራሹ እንደ ወትሮው ሙሉ ነው፤ ለእንግዶቹ ክብር ሲባል ምርቃቱም እጥፍ ሆነ። በመጨረሻ አቶ ዘይኑ ተነሡ። ወደ ሰሌዳው ዞረው በትልቁ «ጊዜና እኛ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ጀርባቸውን እንደሰጡ ማኅደሩን ከፈቱ፣ መነጽሩን አፍንጫቸው ላይ ሰኩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዞሩ።

ያ ረቢ! ገንፎው ሁሉ ፊት ሆነ።

አንዱ ያዛጋሉ። አንዱ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ሊቀመንበሩ ተኝተዋል። መጨረሻው ረድፍ ላይ ሌላዋ ጎረቤት እትዬ ከይሪያና እትዬ ራቢያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም፣ ሹክሹክታም አይሰማም፣ ከንፈር ብቻ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ሽመና ክፍል ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ሰውን ያደነቁራል፤ ተጠጋግታችሁ ብትጮኹም አትደማመጡም። ስለዚህ ሸማኔ በከንፈር ነው የሚያወራው። ከወዲያኛው ጥግ ያለች ሴት ስለ አማቷ የምታማውን ከወዲህኛው ጥግ ያለው ፎርማን ቆሞ ያነብባል። አቶ ዘይኑ በዚህ ዕውቀት ስንቱን አድማ ሳይፀነስ አስወርደዋል! ዐይናቸው ሲደክም ነው ዕውቀቱ አብሮ የተኛው። መነጽሩ ዛሬ ቀሰቀሰው።

«የኛ ሰፈር ተራ መሆኑን ረስቼው» ይላሉ እትዬ ከይሪያ፤ «ልጄ ባታስታውሰኝ ቅሬው ይቀጣኝ ነበር።»

ቅሬ ማለት ወሎ ውስጥ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝን። አቶ ዘይኑ ጠመኔውን እንደያዙ ቆሙ። ማን ሞተ?

«ቀስ በይ፣ ለቅሶ ላይ አይወራም» ይላሉ እትዬ ራቢያ።

«ኧረ ይኼ ድንኳን መቼ ነው የሚፈርሰው ግን?»

«ለእሱ ብለሽ ነው የመጣሽ? ለረውዳ ነው እንጂ። ቅሬው ፊት ቆማ 'ባል ለሞተባት ትደርሳላችሁ፤ እኔ ባሌ ሳይሞት ላለቅኩትስ ማን ይድረስልኝ? የሚሰማው ካጣ ትምህርቱን ይተወውና ሙሉ ቀን ጓዳዬ ይገባል፤ ሐሙስ ሐሙስ እንኳ ተቀመጡለት' ብላ ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስኩ።»

አቶ ዘይኑ አነበቡ። አንዲትም ቃል አላመለጠቻቸውም፤ ምነው ባመለጠቻቸው። የተደፋው አንገት፣ «እህህ» የሚለው ትንፋሽ፣ ሶብሩን ይስጥዎ፣ ንፍሮው! ንፍሮውን አስታወሱና ጆሯቸው ድረስ ጋሉ። ወር ሙሉ የገዛ ለቅሷቸው ላይ ቆመው «ጊዜያችሁን አታባክኑ» ሲሉ ኖረዋል።

ዐይናቸውን የሚያሳርፉበት ፈልገው ወደ እንግዶቹ ዞሩ። የባሰ አታምጣ! ቡዜ የምታየው እነዚያኑ ሁለት ከንፈሮች ነው። ሸማኔ ናትና አንብባለች። አሁን ትስቃለች፣ አሁን ለኮምቦልቻ ሕዝብ ትነግራለች ብለው ጠበቁ። ቡዜ ግን ቀና ብላ አየቻቸው። አልሳቀችም። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«አነበቡ?»

«አነበብኩ» አሉ አቶ ዘይኑ፣ በከንፈራቸው።

«እንግዶቹን ሰበብ ፈጥሬ ይዤልዎት ልውጣ?»

ይቺን አልጠበቋትም። ምላሷ ምላጭ የሆነች ሴት ስታዝንላቸው ዕንባቸው መጣ። ተቆጥተው ሁሉንም ሊያባርሩ አሰኛቸው፤ እጃቸው ኪሳቸው ገብቶ ፊሽካውን ዳበሰ። ከዚያ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ የንፍሮው ነገር እንደገና መጣባቸው። «ቆይ» አሉ በልባቸው፣ «የራሱን ንፍሮ በልቶ የጨረሰ ሬሳ ከኔ በቀር ማን አለ?» ሆዳቸው ተንቀጠቀጠ። ሊይዙት ሞከሩ፤ አልያዝ አለ። ሳቁ። ጠመኔው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

አዳራሹ ደነገጠ። ለቅሶ ላይ እንዲህ አይሳቅም።

«እትዬ ከይሪያ» አሉ ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ «ድንኳኑ ዛሬ ይፈርሳል።»

እትዬ ከይሪያ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «አፈር በበላሁ! ማን ነገረዎ?»

«እርስዎ ነዎት። አሁን።»

«ወላሂ ድምፄን አላወጣሁም!»

«እሱማ አላወጡም። አንብቤዎት ነው።»

ሰዉ አላመነም። ጂኒ ነው ያሉም አሉ። ያን ጊዜ ቡዜ ብድግ ብላ ወደ አዳራሹ ጥግ ሄደች። «እኔ ከዚህ ሆኜ ድምፅ ሳላወጣ ልናገር፤ ጋሽ ዘይኑ ጮክ ብለው ይድገሙት» አለች። ምን እንደምትናገር ከፊቷ ስላወቁ ሊሸሹ ነበር፤ መሸሻ የለም። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ጋሽ ዘይኑ…» ብለው ደገሙ አቶ ዘይኑ፣ ራሳቸውን በአክብሮት እየጠሩ፣ «ጋሽ ዘይኑ እጅግ ጥሩ ሰው ናቸው…» የቡዜን ከንፈር ደግመው አዩ። «…ሲተኙ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቡዜ ቀጠለች፤ እሳቸውም አላቋረጡ። «ፊሽካቸው ጆሮዬን ገዛው እንጂ ልቤን አልገዛውም።… አንድ ቀን ማሽን ተበላሽቶ ማሽኑን ተቆጡት።… ማሽኑ ግን ከኛ ይልቅ ፈራቸው መሰለኝ፣ ተነሣ።» ቃል በቃል፣ ሳይቀንሱ፣ የራሳቸውን ሐሜት በራሳቸው አፍ አወጁት። በዚያ ሁሉ ሐሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማቸው።

ሳቁ ሊቀመንበሩን ቀሰቀሳቸው። «ምንድን ነው? ምን ተባለ?» አሉ። ቡዜ ጠጋ ብላ እየጮኸች አስረዳቻቸው። አቶ ኃይለ ሚካኤል ባልተለመደ ዝግታ ተነሡ።

«በሚካኤል፣ እውነቱን ልናገር» አሉ። «ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። የምተኛውም ስለማልሰማ ነው። ሰው ሲስቅ አይቼ ነው የምስቀው፤ ለቅሶ ቤትም አንድ ጊዜ በስሕተት ስቄያለሁ። የልጅ ልጄ ስልክ ስትደውል 'እሺ፣ እሺ' እላለሁ፤ ምን እንዳለችኝ አላውቅም። እቺን ነገር ለኔም ታስተምሩኛላችሁ?»

አቶ ዘይኑ በአዲሱ መነጽራቸው አዳራሹን ቃኙ። እዚህም እዚያም እጅ ወጣ። አፍረው የወጡ እጆች ናቸው፤ ከሻርፕና ከጋቢ ሥር ግማሹ ብቻ የታዩ፣ «እኔም ቀኝ ጆሮዬ…»፣ «እኔም ከዓምና ወዲህ…» የሚሉ። ለካ ግማሹ ሕዝብ ትምህርታቸውን አልሰማም ነበር። አልሐምዱሊላህ አሉ ለዚህኛው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷቸው ነበር፤ እሱንም ጮክ ብለው ተናገሩት። «ቅሬው ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነው። ረውዳን እኔ እነግራታለሁ። ሐሙስ የቀረ አይቀጣም። አሁንም መሄድ የሚፈልግ ይሂድ።»

ሦስት አራት ሰዎች «እንግዲህ ይቅርታ» እያሉ ወጡ፤ አንዱማ ሊሮጡ ምንም አልቀራቸው። እትዬ ከይሪያም ተነሡ። የአቶ ዘይኑ ልብ ስንጥቅ አለ። እትዬ ከይሪያ ግን ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ፊት መጡና አፍንጫቸው ሥር ተቀመጡ። «በሉ» አሉ፣ «ምራቴ ጓዳ ሆና ምን እንደምትል የማወቅ መብት አለኝ።»

በዚያ ቀን እስኪመሽ ሠሩ። ቡዜና አቶ ዘይኑ ፊት ለፊት ቆመው ከንፈር እያሳዩ፣ ሽማግሌው ሁሉ አፉን እንደ ዓሣ እየከፈተና እየዘጋ። የኮምቦልቻ መኪና አምልጧቸው እንግዶቹ ደሴ አደሩ።

አቶ ዘይኑ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ወደ ቤት ገሰገሱ። ጓዳው በር ላይ ሲደርሱ ረውዳ መብራት ሥር ሆና ወጥ ታማስላለች፤ እግራቸውን ሰምታለች፣ ዞር ግን አላለችም። ከጎን ይታያሉ ከንፈሮቿ። ዚክሩ ተጀመረ። አቶ ዘይኑ ቆመው አነበቡ።

«ያ ረቢ፣ መጣብኝ። ሐሙስን ለሳምንት አንድ ብቻ የሰጠህ ጌታ፣ ምን ነበረበት ሰባቱንም ቀን ሐሙስ ብታደርጋቸው!»

አቶ ዘይኑ ግድግዳውን ያዙ። መስጊድ በር ላይ ቆመው «ማሻአላህ» ያሉባቸው ቀኖች ሁሉ በፊታቸው አለፉ። ከንፈሮቹ ግን አላቆሙም።

«ደግሞ በሰው ፊት አታዋርድብኝ። ቅሬው ቢሰለቸውም የሚሰማው ሰው አታሳጣው፤ ሌላ ምን አለው ብለህ ነው።»

ግድግዳውን ለቀው ቀና አሉ።

«አሚን!» አሉ ከበሩ።

ረውዳ ማማሰያውን ጣለች። ዞራ መነጽሩን አየች፤ ከመነጽሩ ኋላ ያሉትን ዐይኖች አየች። ፋብሪካ ሳሉ፣ ዐይናቸው ደህና ሳለ ታደርገው እንደነበረው፣ የሻርፕዋን ጫፍ ስባ አፏ ላይ ጣለች። ዘግይታለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታየው?»

«ከዛሬ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ረውዳ፣ ከልቧ።

«እስከ ዛሬ የነበረው ዚክርስ ምን ነበር?»

«እሱ በኔና በጌታዬ መካከል ነው» አለች፣ ሻርፕዋን ሳታወርድ፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አቶ ዘይኑ ማማሰያውን ከመሬት አንሥተው አጥበው ሰጧትና ዱካ ስበው ተቀመጡ። ከፊታቸው መደርደሪያው ላይ ሽሮው ከበርበሬው ጎን ተቀምጧል። ጥርት ብሎ ታያቸው። ዝም አሉ።